ወደ ሕክምና በሳይንስ ዲግሪ በኩል፦ የጅዳና የመካ ቤተሰቦች ሊመዝኑት የሚገባ ምርጫ

የሣነዊያ ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በጅዳም ሆነ በመካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። ልጁ ወይም ልጅቱ በሥነ ሕይወትና በኬሚስትሪ ጥሩ ነጥብ አምጥተዋል፤ ምኞታቸው ሐኪም መሆን ነው፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ኮሌጅ የሚገቡበት ዕድል ግን አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ከዘመድና ከጎረቤት የሚሰነዘረው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ለጊዜው አንድ የሳይንስ ትምህርት ይማር፤ ዲግሪውን ሲይዝ ወደ ሕክምና ይሻገራል» የሚል።

ምክሩ ከበጎ ልብ የመጣ መሆኑ አያጠያይቅም። መሠረት የሌለው ነውም አይባልም። በአንዳንድ አገሮች ሐኪም የሚኮነው በእርግጥ በዚሁ መንገድ ነው። በሌሎች ዘንድ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሕክምና መግባት በጠባብ በር የሚያልፍ ልዩ ሁኔታ ነው፤ በሩም ለሁሉም ሰው የተከፈተ አይደለም። ስለዚህ ሥነ ሕይወት ይሻላል ወይስ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ ይሻላል ወይስ ላቦራቶሪ ከሚለው ጥያቄ በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ተማሪው ከዲግሪው በኋላ የሚያንኳኳው የሕክምና በር በየትኛው አገር እንደሚገኝ፣ ለእርሱስ ይከፈትለት እንደሆነ መለየት ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚመረጥ ዲግሪ አራት ዓመትና ብዙ ሺህ ሪያል ከበላ በኋላ ወጣቱን ከመነሻው ሊመልሰው ይችላል።

ምክሩ የተወለደበት ቦታ

ሕክምናን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የማስተማር ልማድ በዋነኛነት የሰሜን አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ አስቀድመው የኮሌጅ ዲግሪ እንዲይዙ በመጠየቅ ፈር ቀደደ። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር ያወጣው ዝነኛ ሪፖርት ደግሞ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በሳይንስ ላይ እንዲቆሙ አጥብቆ በመወትወቱ፣ የሥነ ሕይወት፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኮርሶች የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ እየሆኑ መጡ።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ እንኳ ብዙዎች በተሳሳተ መንገድ የሚረዱት አንድ ነጥብ አለ። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የተወሰኑ ኮርሶችን እንጂ የተወሰነ የዲግሪ ስም አይደለም። ከአመልካቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሥነ ሕይወት ዘርፍ የሚመጡ ቢሆኑም፣ በሒሳብ ወይም በሰብአዊ ጥናት የተመረቁትና አስፈላጊዎቹን የሳይንስ ኮርሶች የወሰዱት የመግባት ዕድላቸው ከእነርሱ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። ኤምካት በመባል የሚታወቀው የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱ ሥነ ልቦናንና ማኅበራዊ ጉዳዮችን፣ ሌላው የንባብ ማስተዋልን ይመዝናል። ሆኖም በጅዳ ላደገ ኢትዮጵያዊ ወጣት ዋናው እንቅፋት ሌላ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን አመልካች አይቀበሉም። የሚቀበሉት ጥቂቶችም ክፍያቸው እጅግ ከባድ ነው።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች አራት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የሕክምና ትምህርት ከፍተዋል። በብሪታንያ ግን አብዛኛው ሐኪም ዛሬም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ ገብቶ የሚማር ነው። በአብዛኛው አውሮፓ፣ በዓረብ አገሮችና በአፍሪካም መደበኛው መንገድ ይኸው ነው። አሜሪካ የሚኖር ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር በዚያው አገር ላለ ልጅ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ጅዳ ላለው ልጅ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ያለው በር

በሳዑዲ ዓረቢያ ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከሁለተኛ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ተግባራዊ በሆነው የመሳራት ሥርዓት ተማሪዎች ከአንደኛው የሣነዊያ ዓመት በኋላ ዘርፍ ይመርጣሉ፤ ከዘርፎቹም አንዱ የጤናና የሕይወት ሳይንስ ነው። ከዚያም የትምህርት ቤቱ ውጤት፣ አጠቃላይ ችሎታን የሚለካው የቁዱራት ፈተና፣ እንዲሁም በሥነ ሕይወት፣ በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በሒሳብ የሚሰጠው የተሕሲሊ ፈተና በአንድነት ተደምረው የመግቢያ ነጥብ ይሆናሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ የሚያስጨንቀው ጉዳይ በእርግጥ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ዘርፍ በተመረጠበት ዕለት ነው።

ዲግሪ ይዞ ሕክምና መግባትም በአገሪቱ የማይታወቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በንጉሣዊ ድንጋጌ የተቋቋመው የንጉሥ ሳዑድ ቢን ዓብዱልዓዚዝ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርቱን ከአውስትራሊያው የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ሲጀምር፣ ከሁለተኛ ደረጃ ከሚመጡት ጎን ለጎን በሳይንስ የተመረቁትን የሚቀበል ሁለተኛ መግቢያ አበጅቷል። ይህ መግቢያ ለብዙ የሳዑዲ ወጣቶች ሁለተኛ ዕድል ሆኗል። ነገር ግን በመንግሥት የሕክምና ኮሌጆች፣ በጅዳው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በመካው ኡሙል ቁራ፣ ቦታው በቅድሚያ የታሰበው ለአገሪቱ ዜጎች ነው። ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ያለ ቢሆንም፣ ቁጥሩ የተወሰነና ውድድሩም ዓለም አቀፍ ነው።

በግል ረገድ በጅዳ እንደ ኢብን ሲና፣ በተርጂና ፈቂህ ያሉ ኮሌጆች የሕክምና ትምህርት ይሰጣሉ፤ የውጭ ዜጎችንም ያስተናግዳሉ። የእነዚህ ተቋማት ዓመታዊ ክፍያ ግን በአሥር ሺዎች ሪያል የሚቆጠር በመሆኑ፣ በሾፌርነት፣ በጥበቃ ወይም በአነስተኛ ንግድ ለሚተዳደር ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም።

ዕድሜና ወጪ

በውጭ አገር ለሚኖር ቤተሰብ የትምህርት ዘመን ርዝመት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በወር 100 ሪያል ሆኖ የጀመረው የጥገኛ ቤተሰብ ክፍያ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 በወር 400 ሪያል ደርሷል። ይህም ለአንድ ልጅ በዓመት 4,800 ሪያል ማለት ነው። አራት ዓመት የሚፈጅ ዲግሪ የሚማር ልጅ በአባቱ መኖሪያ ፈቃድ ሥር ሲቆይ፣ የኮሌጁ ክፍያ ሳይነካ 19,200 ሪያል ይጠይቃል። በዚያ ላይ አምስት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቢታከል ድምሩ 43,200 ይሆናል።

ከገንዘቡ የሚብሰው የዕድሜው ጉዳይ ነው። በጀዋዛት አሠራር መሠረት ወንድ ልጅ 21 ዓመት ከሞላው በኋላ በአባቱ ፈቃድ ሥር ለመቆየት ተማሪ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል፤ 25 ሲሞላው ደግሞ ወደ ራሱ አሠሪ መዛወር ይጠበቅበታል። ያላገባች ሴት ልጅ በአባቷ ሥር መቆየት የምትችል በመሆኑ ለእርሷ ነገሩ ይለያል። በ18 ዓመቱ ዲግሪ የጀመረ ወንድ ልጅ በ22 ይመረቃል። ወዲያውኑ ሕክምና ቢገባ እንኳ የሚጨርሰው 27 ዓመት ገደማ ላይ ነው። በመሆኑም ሁለት ትምህርት በተከታታይ በሳዑዲ ለመማር የሚታቀድ ከሆነ፣ ዕቅዱ ከመኖሪያ ፈቃዱ ደንብ ጋር መጋጨቱ ከወዲሁ የሚታይ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ ቦታ ከአሁኑ በሌላ አገር ካልታሰበ፣ ልጁ መንገድ ላይ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ያለው በር

ብዙዎቹ ቤተሰቦች ዓይናቸውን የሚጥሉት በአገር ቤት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የጤና ባለሙያን በደረጃ የማሳደግ ረጅም ታሪክ አላት። በደምቢያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ማግሥት በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተቋቋመ በኋላም፣ በጤና መኮንንነት ካገለገሉት መካከል ተመልሰው ሕክምና የተማሩ አሉ። ታማሚን በማየት የጀመረ ሰው ወደ ሐኪምነት ማደጉ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህ አሠራር ሰፊ ቅርጽ የያዘው በ2004 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች በአሥር ዩኒቨርሲቲዎችና በሦስት ሆስፒታሎች አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ጀመሩ። ሦስቱ ሆስፒታሎች የካቲት 12፣ አዳማና ይርጋለም ነበሩ። መርሐ ግብሩ የተቀበለው ከሁለተኛ ደረጃ የመጡትን ሳይሆን፣ በጤና ሳይንስ ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙትን ነው። ትምህርቱ ከመደበኛው ያጠረ፣ ተማሪው ገና ከጅምሩ ከታማሚ ጋር የሚገናኝበት፣ በተናጠል ኮርሶች ፈንታ የሰውነትን ሥርዓትና የጤና ችግሮችን መነሻ ያደረገ ነበር። አገሪቱ በዓመት የምትቀበላቸውን የሕክምና ተማሪዎች ቁጥር ከጥቂት መቶዎች ወደ ሦስት ሺህ ያሳደገችው በዚሁ ወቅት ነው።

ከዚህ ተሞክሮ ስለ ዲግሪ ምርጫ የሚቀሰም ትምህርት አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች ተገናኝተዋል። ጤና መኮንኑና ነርሱ የታማሚን ታሪክ መጠየቅ፣ የደም ግፊት መለካት፣ መድኃኒት ማዘዣ ማንበብ ያውቃሉ። የሥነ ሕይወትና የኬሚስትሪ ምሩቁ ደግሞ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ዘረመልና ስለ ኬሚካዊ ሂደት የሰፋ ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ ሆስፒታሉን ግን በተማሪነት የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አንዱ ባለው ሌላው ይጎድለዋል። ሁለቱም በአንድ ወንበር መቀመጣቸው ሕክምና ከሁለቱም በኩል ሊገባበት እንደሚቻል ያሳያል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መርሐ ግብር አገሪቱ ሐኪም አጥብቃ በፈለገችበት ወቅት በመንግሥት ውሳኔ የተከፈተ ነው። ሕይወቱን የሚያቅድ ወጣት ከአራት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ዕድል ይጠብቀኛል ብሎ ሊተማመንበት አይችልም።

ዛሬ ዋናው መግቢያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ ሕክምና የሚገቡት የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዓመት አጠናቅቀው በውጤታቸው የሚመረጡት ናቸው። ሣነዊያን በሳዑዲ የጨረሰ ልጅ በአገር ቤት ለመማር ሲያስብ ደግሞ የትምህርት ማስረጃውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ማስገመት ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በዓረብኛ የተማረ ልጅ ከሁሉ በፊት ቋንቋውን ማጠናከር ይጠበቅበታል።

የተዘጋው የካርቱም መንገድ

ለቀይ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነዋሪዎች ለረጅም ጊዜ ሦስተኛ አማራጭ ሆና የቆየችው ሱዳን ናት። በካርቱም የሚገኘው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ከመላው አፍሪካ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር የሚመጡ ተማሪዎችን ሕክምናን ጨምሮ ያስተምር ነበር። ትምህርቱ በቀጥታ ከሁለተኛ ደረጃ የሚጀመር፣ ክፍያውም ከባሕረ ሰላጤው ኮሌጆች ጋር የማይወዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ይህን መንገድ ዘጋው፤ በትምህርት ላይ የነበሩ ብዙ ወጣቶችንም በተነ። የግብፁ አል አዝሃር እና የቱርክ መንግሥት የሚሰጧቸው የነፃ ትምህርት ዕድሎች አሁንም አሉ። ሁለቱም ግን በቅድሚያ የሚመለከቱት ከሁለተኛ ደረጃ የጨረሰን ወጣት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ነጥብ ይገለጣል። በቅርብ ካሉት በሮች አብዛኞቹ የሚከፈቱት ለሣነዊያ ምሩቅ ነው፤ ሌላ ዲግሪ ይዞ የሚመጣን ሰው በአዲስ ጀማሪነት ያስተናግዱታል፤ አንዳንዶቹም የዕድሜ ገደብ ያደርጉበታል። ስለዚህ «በቅድሚያ ሳይንስ ይማር» የሚለው ምክር የሣነዊያው ማስረጃ ገና ትኩስ በሆነበት ጊዜ ሊሞከሩ የሚገባቸውን በሮች እንዲያልፉ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አንድ ዓመት ለፈተና ዝግጅትና ለነፃ ትምህርት ማመልከቻ መስጠት አንዳንዴ ከአራት ዓመት ጉዞ ይሻላል።

ዲግሪው ሲመዘን

ያም ሆኖ የዲግሪው መንገድ የሚመረጥበት በቂ ምክንያት ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ እያንዳንዱ ትምህርት በሁለት ሚዛን መታየት ይኖርበታል። አንደኛው ለሕክምና ምን ያህል ያዘጋጃል የሚለው ነው። ሁለተኛው ሕክምና ባይገኝ ባለቤቱን ማኖር ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ሥነ ሕይወት በመጀመሪያው ሚዛን ይከብዳል። ሕዋስን፣ ዘረመልን፣ የሰውነት አሠራርንና ረቂቅ ተሕዋስያንን በስፋት ያስተምራል፤ ዲግሪ በሚጠይቁ አገሮች የሚፈለጉትን ቅድመ ኮርሶች ለማሟላትም ይመቻል። በሁለተኛው ሚዛን ግን ይቀልላል። በራሱ የሙያ ፈቃድ የሚያሰጥ ትምህርት ባለመሆኑ፣ ምሩቁ ወደ ማስተማር ወይም ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ያመራል። ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪ የመድኃኒትን አሠራር ለመረዳት ጽኑ መሠረት ይሰጣሉ። ሥራቸውም በምግብ፣ በውኃና በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር በኩል ሰፋ ይላል።

ነርሲንግ በተቃራኒው በሁለተኛው ሚዛን ይከብዳል። የታወቀ ሙያ ነው፤ ፈቃድ አለው፤ በየትኛውም አገር ይፈለጋል። ተማሪውም ሆስፒታልን፣ ታማሚንና የሌሊት ተራን ያውቃል፤ ሐኪምነት በእርግጥ የሚሻው ሥራ መሆኑንም በዓይኑ አይቶ ይለያል። ጉድለቱ የአሜሪካን ዓይነት ሥርዓት የሚጠይቀውን የፊዚክስና የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርስ አለማካተቱ ነው። የጤና መኮንንነት በኢትዮጵያ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት ከሁሉም ይቀርባል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ግን በዚህ ስም የሚታወቅ የሥራ መደብ እምብዛም የለም። ወደ ባሕረ ሰላጤው ለመመለስ የሚያስብ ወጣት ይህን ሊያውቀው ይገባል።

ፋርማሲና የሕክምና ላቦራቶሪ በሁለቱም ሚዛን መልካም ናቸው ይባል ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ሁኔታው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ጅዳንና መካን ጨምሮ በታላላቅ ከተሞች በሚገኙ የግል የጤና ተቋማት የላቦራቶሪ ሥራ 70 በመቶው፣ የራጅና የምስል ምርመራው 65 በመቶው፣ የሥነ ምግብ ሕክምናና የፊዚዮቴራፒ ሥራ ደግሞ 80 በመቶው በሳዑዲ ዜጎች እንዲያዝ ተወስኗል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮም በሆስፒታሎች ከሚገኙ የፋርማሲ ባለሙያዎች 65 በመቶው፣ በመንደር ፋርማሲዎች 35 በመቶው የአገሪቱ ዜጎች መሆን አለባቸው። አገሪቱ ለወጣቶቿ ሥራ ለመስጠት ያወጣችው ደንብ በመሆኑ የሚያነጋግር አይደለም፤ ነገር ግን «ላቦራቶሪ ተምሮ ጅዳ ይሠራል፤ ገንዘብ አጠራቅሞ ሕክምና ይገባል» ብሎ ያቀደ ቤተሰብ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይኖርበታል። ነርሲንግ በእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ አልተካተተም።

የትኛውም የጤና ሙያ ተምሮ በሳዑዲ ለመሥራት በሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን መመዝገብ፣ የትምህርት ማስረጃን በዳታፍሎው ማስመርመርና ብዙዎች ፕሮሜትሪክ እያሉ የሚጠሩትን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ዕውቅና ከሌለው ኮሌጅ በርካሽ የተገኘ ዲግሪ በዚህ ማጣሪያ ላይ ይወድቃል፤ ነገ ለሕክምና ማመልከቻ ሲቀርብም ዋጋ አይኖረውም። በኢትዮጵያም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ የኮሌጁ ማንነት ከትምህርቱ ስም ባላነሰ መጣራት ይገባዋል።

ከሁለቱ ሚዛኖች በላይ ደግሞ የልጁ ዝንባሌ አለ። ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተከፈቱ የሕክምና በሮች የመጀመሪያ ዲግሪውን ውጤት አጥብቀው ያያሉ። በማይወደው ትምህርት መካከለኛ ነጥብ ያመጣ የሥነ ሕይወት ምሩቅ፣ በወደደው ኬሚስትሪ ከፍተኛ ነጥብ ካመጣው ጋር ሲወዳደር ወደ ኋላ ይቀራል። አባት ስሙ ለሕክምና ይቀርባል ብሎ የመረጠው ትምህርት ልጁን ከሕክምና የሚያርቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሳይንስ የመጠበቂያ ክፍል አይደለም

በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ሳይስተዋል የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። ሳይንስን ሕክምና እስኪገኝ ድረስ የሚቀመጡበት ደጅ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። አክሊሉ ለማ ሐኪም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። በዚያም የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ዕፅ ለዓለም ሳይንስ አስተዋወቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ቴዎድሮስ አድሓኖምም በ1986 ከአስመራ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በሥነ ሕይወት ነው። ከዚያም ወደ ኢሚዩኖሎጂና ወደ ማኅበረሰብ ጤና ተሻገሩ እንጂ የሕክምና ትምህርት ቤት አልገቡም።

በሌላ በኩል ሐኪምነት ራሱ ቀድሞ የነበረው ዋስትና ዛሬ የለውም። በኢትዮጵያ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች እንደተመረቁ በመንግሥት ምደባ ሥራ የሚይዙበት ዘመን አልፏል፤ በ2017 ዓ.ም ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ በአደባባይ የተሰማበት እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት የሚፈጅ ጉዞ ሲታሰብ በመጨረሻው ላይ የሚጠብቀው ሥራም አብሮ መታየት አለበት።

ቀዳሚውን ማስቀደም

ከላይ ከተመለከተው ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። በመጀመሪያ፣ ሣነዊያውን በጨረሰበት ዓመት በቀጥታ ወደ ሕክምና የሚያስገቡ በሮች፣ የአገር ቤቱም የነፃ ትምህርቱም፣ ተሟጥጠው መሞከራቸው ይረጋገጥ። ቀጥሎ፣ እነዚህ ካልተሳኩ፣ ዲግሪ ይዞ የሚገባበት ተቋም በስሙ ተለይቶ ይታወቅ፤ የውጭ ዜጋን ይቀበላል ወይ፣ የትኞቹን ኮርሶች ይጠይቃል፣ የዕድሜ ገደብ አለው ወይ የሚለው ከራሱ ከተቋሙ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ዕድሜና የጥገኛ ክፍያው ከትምህርቱ ዘመን ጋር ተደምሮ በወረቀት ላይ ይሰላ። የትምህርቱ ስም የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሲመረጥም ልጁ የሚወደው፣ ዕውቅና ካለው ኮሌጅ የሚገኝ፣ ሕክምና ባይገኝም ብቻውን ሥራ የሚያስይዝ ይሁን።

ለአባትና ለእናት ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም። የሚጠይቀው ምዝገባው ሳይዘጋ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከልጁ ጋር መቀመጥና «ሕክምና ባይሆንስ በዚህ ትምህርት ትኖርበታለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ በሙሉ ልቡ አዎን ያለበት ትምህርት የሕክምና በር ሲከፈት መወጣጫ ይሆነዋል፤ ባይከፈትም እንጀራው ነው።